ሒሳቡ የማይዘጋ ጨዋታ

እኔ የምተዳደረው በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ በመቀበልና በመክፈል ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱ ሲዘጋ የዕለቱን ሒሳብ እዘጋለሁ። በእጄ ያለው ጥሬ ገንዘብ በመዝገብ ከሰፈረው ጋር እስኪስማማ ድረስ ከወንበሬ አልነሣም፤ አሥር ብር ብትጎድል ተፈልጋ ትገኛለች፤ ካልተገኘችም ከኪሴ ትተካለች። ሥራው አሰልቺ ነው ቢባል አልከራከርም። ነገር ግን ሒሳቡ የተስማማ ዕለት ሰውነት ቀለል ይላል፤ የቀኑ ነገር በቀኑ አልቋልና። ማታ ደብተሬን ዘርግቼ ግጥም ለመጻፍ የምቀመጠው በዚያ በቀለለ መንፈስ ነበር።

«ነበር» ማለቴን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ባለፈው ዓመት ለሰባት ወራት አንድ ስንኝ እንኳ አልጻፍሁም። ሐዘን አልደረሰብኝም፤ አልታመምሁም፤ ፍቅርም አልከዳኝም። ስልኬ ላይ አንድ ጨዋታ ጭኜ ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ ቀለማቸው የተለያየ ፍራፍሬዎችንና ከረሜላዎችን ሦስት ሦስት አድርጎ ማሰለፍ ነው፤ ሲሰለፉ ይፈነዳሉ። አምስት ነፍስ ይሰጣል። ነፍሶቹ ሲያልቁ አንዷ እስክትመለስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ ወይም ማስታወቂያ መመልከት ግድ ነው። ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ «አሁንማ ነፍሶቼ ሞልተዋል» በማለት ስልኬን ያነሣሁባቸው ጊዜያት አሉ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ሳላፍር ብጽፈው ሐሰት ይሆንብኛል።

እንደ ሙያዬ ሒሳቡን ሠራሁት። በአንድ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል፤ በ210 ማታ 315 ሰዓት። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ 39 የሥራ ቀን ሞልቶ ይተርፋል። ደረጃ 1,400ን አልፌ ነበር። ጨዋታው በጠቅላላው ስንት ደረጃ እንዳለው ለማወቅ ስሞክር ያገኘሁት መልስ ግን ከባከነው ሰዓት ይልቅ አስደነገጠኝ፤ ለካ በየጊዜው አዳዲስ ደረጃዎች ይጨመሩበታል! እኔ እያነበብሁ ደራሲው ከፊቴ ከፊቴ የሚጽፈው፣ እንዳልጨርሰውም ታስቦ የሚጻፍ መጽሐፍ ይዤ ኖሯል።

ሙግቴ አጭር ነው። ጨዋታ ጨዋታ የሚሆነው ሲያልቅ ነው። ዛሬ በየኪሳችን ከገቡት የቪዲዮ ጨዋታዎች መካከል ከብዙዎቹ መጨረሻቸው በዕውቀትና በስሌት ተነቅሏል፤ በቦታውም የገንዘብ መቀበያ መስኮት ተተክሏል። ሊያስቆጣን የሚገባው ይህ ነው።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ግን የምንቆጣው በሌላ ነገር ነው። «ጌም ትውልዱን ገደለው»፤ «ጌም ልጆቻችንን ጨካኝ አደረጋቸው» እንላለን። እንዲህ ከሚሉት ወዳጆቼ ብዙዎቹ አንድም ጨዋታ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ሽፋኑን ብቻ አይቶ መጽሐፍ የሚነቅፍ ሰው ቢያጋጥመን እንስቅበት የለምን? አባቴ ልብ ወለድ ሳነብ ባገኘኝ ቁጥር «ይህን ተረት ትተህ ትምህርትህን አጥና» ይለኝ ነበር። ልብ ወለድም በጊዜው ሥራ ያስፈታል፣ ወጣት ያባልጋል ተብሎ ተከሷል። ለትናንቱ ተከሳሽ ጠበቃ ሆነን የቆምን ሰዎች በዛሬው ላይ ያለ ምስክር ልንፈርድ አይገባም።

በሌላው ወገን ደግሞ «ጨዋታ እኮ ነው፤ የጠላ ይተወው» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ የእኅቴን ልጅ ነገር ላጫውታቸው።

ልጁ 12 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከትምህርት ቤት መልስ የሚገኘው በሰፈራችን ባለች አንዲት ጠባብ ጌም ቤት ነበር፤ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት የተላላጠ ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። የሚጫወቱት ኳስ ነው። የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፤ ተራ የሚጠብቀው ይቀመጣል። ጩኸት አለ፤ ብሽሽቅ አለ፤ አልፎ አልፎም ቡጢ አለ። እኅቴ «ዱርዬ ይሆንብኛል» ብላ ከዚያ አስወጣችው፤ ከዓይኗ ሳይርቅ ቤት እንዲውልም ሜሪላንድ የምትኖረው ታናሻችን የላከችውን ስልክ ሰጠችው። እኔም «ደግ አደረግሽ» ብያለሁ። ልጁ ዝም አለ፤ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሁላችንም ደስ አለን።

ባለፈው ዐቢይ ጾም በአንድ እሑድ እነርሱ ዘንድ ምሳ ተጋብዤ ሄድሁ። ማዕድ ቀርቦ ልጁ ስልኩን አልለቀቀም። ተው ብለው «ጋሼ፣ ዛሬ ካልገባሁ የ43 ቀኑ ይቃጠልብኛል» አለኝ። ለካ ጨዋታው በየቀኑ ለሚገባ ልጅ እየጨመረ የሚሄድ ሽልማት ይሰጣል፤ አንድ ቀን የቀረ ልጅ ግን እንደገና ከአንድ ይጀምራል። «ለመሆኑ መቼ ነው የሚፈታው?» ብዬ ጠየቅሁት። አልገባውም። «እናትህ የያዘችው ጾም 55 ቀን ነው፤ ፋሲካ ሲመጣ ይፈታል። የአንተስ መቼ ይፈታል?» ጥቂት አሰበና «አይፈታም» አለኝ። የቀልድ አነጋገር አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላ ሜሪላንድ ያለችው እኅታችን ደወለች። ስልኩ ሲላክ የባንክ ካርዷ ከውስጡ አልወጣም ኖሮ 86 ዶላር ተቆርጦባታል። ልጁ አልሰረቀም፤ ሲጫን ገንዘብ እንደሚሄድም በውል አላወቀም። የገዛው «ዕንቁ» ነው፤ በዕንቁው ደግሞ ሳጥን ገዛ፤ በሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይከፈት አይታወቅም። እርሷ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሌሊት ሌሊት የምትሠራ ሴት ናት። «ልጅ ነው፤ አትቆጡት» አለችን። አልተቆጣነውም። እኔ የተቆጣሁት ለሙያዬ ነው።

በእኔ መስኮት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው መታወቂያ ያሳያል፤ ይፈርማል። ፊርማውን በእኛ ዘንድ ካለው ናሙና ጋር አመሳክራለሁ፤ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ከሰጠሁት በኋላ «ይቁጠሩት» እለዋለሁ። በውጭ ምንዛሪ ሰሌዳችን ላይም በየማለዳው ሁለት ዋጋ ይለጠፋል፤ መግዣና መሸጫ። የልጁ ዕንቁ ግን መሸጫ ብቻ ያለው ገንዘብ ነው፤ ይሸጡልሃል፤ መልሰው አይገዙህም። ደግሞስ ዋጋው ለምን በዶላር በግልጽ አይጻፍም? ዕንቁ የሚከፍል ሰው ገንዘብ የከፈለ አይመስለውም፤ ለዚህ ነው። ሳጥኑ 80 ዕንቁ ሲሆን ዕንቁ የሚሸጠው በ50 እና በ100 ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ ጥቂት ይተርፋል፤ የተረፈውም ለቀጣዩ ግዢ ይጣራል። ይህን ያቀደ ሰው ቁጥር ያውቃል፤ እኔም ቁጥር ስለማውቅ አወቅሁት።

ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ስሞታ ብቻ እንዳይመስል በመዝገብ የታወቀውን ልጨምር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በታኅሣሥ 2022 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን «ፎርትናይት»ን የሚያዘጋጀውን ኤፒክ ጌምስን በሁለት ጉዳዮች ከስሶ ኩባንያው በጠቅላላው 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚህ ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ለተጫዋቾች የሚመለስ ገንዘብ ነው፤ የአዝራሮቹ አቀማመጥ ተጫዋቾችን ወደ አላሰቡት ግዢ መርቷል፤ ሕፃናትም የካርዱ ባለቤት ሳይፈቅድ እንዲገዙ መንገድ ከፍቷል የሚል ክስ ነበረና። በእኛ መስኮት እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን ቢፈጸም በማግሥቱ መስኮቱ ላይ አልገኝም ነበር።

የማይታወቀው ሳጥንም የአጋጣሚ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ርግቦችን በሣጥን አድርጎ ባጠናበት ዘመን አንድ ነገር አስተውሏል። ርግቧ አዝራሩን በነካች ቁጥር እህል ብታገኝ ስትጠግብ ታቆማለች። እህሉ በስንተኛው ንክታ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ ግን ያለ ዕረፍት ትነካለች፤ እህሉ ጨርሶ ከቀረ በኋላ እንኳ ለረጅም ጊዜ አትተውም። የቁማር ማሽን የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። የልጁ ሳጥንም እንዲሁ።

ሀገሮች ይህን አይተው ዝም አላሉም። ጃፓን በ2012 «ኮምፑ ጋቻ» የተባለውን፣ በዕጣ የሚገኙ ዕቃዎችን አሰባስቦ ለሞላ ሰው ትልቅ ሽልማት የሚሰጠውን ዘዴ ሕገ ወጥ አለች። የቤልጅየም የቁማር ኮሚሽን በሚያዝያ 2018 በሦስት የታወቁ ጨዋታዎች ውስጥ ያሉ የሚከፈልባቸው ሳጥኖች ቁማር ናቸው ብሎ ወሰነ። ፍርዱ በሁሉም ዘንድ አንድ አልሆነም፤ በኔዘርላንድስ ተቆጣጣሪው የጣለውን ቅጣት ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2022 ሽሮታል። ክርክሩ ገና ነው። እኔ ግን በክርክሩ ውስጥ የእኛን ሎተሪ አዟሪ አስባለሁ። ቲኬቱ ላይ ዋጋው በብር ተጽፏል፤ ዕጣው የሚወጣበት ቀንም ተጽፏል። ያልደረሰው ሰው ቲኬቱን ቀዶ ጥሎ ይሄዳል። ሎተሪ እንኳ ያልቃል!

ማለቅ ለጨዋታ ምኑ ነው? የራሳችንን ጨዋታዎች እንመልከት። በገና ዕለት ጌታ በአገልጋዩ እንዳይቆጣ፣ በዱላው የተጎሸመም ቂም እንዳይዝ ልማዱ አዝዟል። ይህ ትልቅ ነጻነት ነው፤ የተፈቀደውም ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚያበቃ ነው። በማግሥቱ ጌታ ጌታ ነው፤ አገልጋይም አገልጋይ። በጥንቱ ሰንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች መጀመሪያ ተራ ሳይጠብቁ በአንድነት ይወርራሉ፤ የመጀመሪያው መማረክ ሲሆን ግን ወረራው ያበቃና ተራ ይጠበቃል። በውስጡም መጨረሻ ያለው መጨረሻ ነው። ገበጣ ጠጠሩ ሲሟጠጥ ያበቃል፤ ተጫዋቹ አቧራውን አራግፎ ወደ ከብቶቹ ይመለሳል። ነገ ሌላ ገበጣ ይኖራል፤ የዛሬው ግን አልቋል።

የቪዲዮ ጨዋታም ከአመጣጡ እንዲህ አልነበረም። በ1978 በጃፓን የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ»ና በ1980 የተከተለው «ፓክ ማን» በሳንቲም የሚሠሩ ማሽኖች ነበሩ። ስስታሞች አልነበሩም አልልም፤ ግን ሳንቲሟ በእጅ ትዳሰሳለች፤ ስታልቅም ልጁ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አሌክሲ ፓዢትኖቭ በ1984 ሞስኮ ላይ የፈጠረው «ቴትሪስ» መጨረሻ የለውም ይባል ነበር፤ ነገር ግን ፍጥነቱ እየጨመረ ተጫዋቹን ረትቶ ያሰናብተዋል። ከዚያም በታኅሣሥ 2023 አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ታዳጊ የድሮውን የኔንቴንዶ ቴትሪስ እየተጫወተ ደረጃ 157 ላይ ሲደርስ ማሽኑ ራሱ ደርቆ ቆመ። በዚያ ማሽን ላይ ሰው ቴትሪስን እስከዚያ ድረስ አድርሶት አያውቅም። ልጁ መተንፈስ እስኪያቅተው ደነገጠ፤ ተደሰተ። የሰው ልጅ የሚጓጓው ለዚህ ነው፤ «ጨረስሁ» ለማለት።

«መጽሐፍስ እስከ ንጋት አያስነብብምን?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፣ ያስነብባል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጀመረ ስንቱ ሰው እንቅልፍ አጥቷል! ነገር ግን ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ጨርሰውታል። የመጨረሻውን ገጽ የገለጠ አንባቢ አልቅሶም ቢሆን ወደ ራሱ ኑሮ ይመለሳል፤ ሲመለስም የያዘው ነገር አለ። እኔ ከደረጃ 1,400 ምን ይዤ ተመለስሁ?

በዚህ የተነሣ የቪዲዮ ጨዋታ ኪነ ጥበብ ሊሆን አይችልም ብዬ እንዳልደመድም የሚከለክለኝ ሌላ ገጠመኝ አለኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» የሚባለውን፣ ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «ወረቀትዎን፣ እባክዎ» የምንለውን ጨዋታ አሳየኝ። ሉካስ ፖፕ የተባለ ሰው በ2013 ያወጣው ነው። ተጫዋቹ በአንዲት የልብ ወለድ ሀገር ድንበር ላይ የተቀመጠ ማኅተም መቺ ነው፤ ሰነድ ይመረምራል፤ ያሳልፋል ወይም ይመልሳል። የሚከፈለው በትክክል ባስተናገደው ሰው ቁጥር ነው። ማታ ማታ ደመወዙን ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለማሞቂያ ያብቃቃል፤ ካልበቃው ቤተሰቡ ይራባል፤ ይታመማል። አንድ ሰው ሰነዱ ተሟልቶ ያልፍና «ከኋላዬ ሚስቴ ናት፤ ይራሩላት» ይላል። ሚስቲቱ ስትመጣ ወረቀቷ ይጎድላል።

እኔ ማኅተም በእጄ የምውል ሰው ነኝ። በመስኮቴ ፊት «ጌታዬ፣ እባክዎ» ብለው ወረቀት የጎደላቸው እናቶች ቆመዋል፤ ደንብ ነው ብዬ መልሻለሁ። ያ ጨዋታ 31 ቀን አለው፤ ከዚያ ያልቃል። አጨራረሱም እንደ ተጫዋቹ ምርጫ 20 ዓይነት ነው። ካለቀ በኋላ ለረጅም ሰዓት ዝም ብዬ ተቀመጥሁ፤ በማግሥቱም መስኮቴ ላይ የሰውን ፊት ቀና ብዬ አየሁ። ጥሩ መጽሐፍ የሚያደርገው ይህንኑ አይደለምን?

ሌላም የማከብረው ሰው አለ። ቬትናማዊው ዶንግ ንጉየን በ2013 «ፍላፒ በርድ» የተባለች ቀላል የስልክ ጨዋታ አወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዓለም ሁሉ ያዛት። ከማስታወቂያ በቀን እስከ 50,000 ዶላር ታስገባ እንደነበር ተዘግቧል። በየካቲት 2014 ሰዎች ከእርሷ መላቀቅ እንዳቃታቸው አይቶ ራሱ ከገበያ አወጣት። በቀን 50,000 ዶላር የሚቆጥር መስኮት በፈቃዱ የዘጋ ሰው! ስለዚህ «ገበያው ነው፤ ሠሪው ምን ያድርግ?» የሚለውን ማመኻኛ አልቀበልም።

መንግሥታት ግን ብዙ ጊዜ ሰዓቱን የሚያስሩት በልጁ ላይ ነው። ደቡብ ኮሪያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት በኋላ በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ በ2011 ከለከለች፤ ሕጉ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ተሽሯል። ቻይና በ2021 ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ፈቀደች። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ጨዋታን ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በእርግጥ የታመመ ካለ ሐኪም ይየው። ሆኖም መስፈርቱ የኑሮ መዛባቱ በአብዛኛው ቢያንስ ለ12 ወራት መታየት አለበት ይላልና የሚጫወት ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ የእኅቴም ልጅ በሽተኛ አይደለም። አዋቂዎች በደመወዝ ተቀጥረው እንዳይነሣ የደከሙበት ልጅ ነው። ሕግ የሚያስፈልገው ካለ በቅድሚያ ለእነርሱ ነው፤ የሚከፈልበት ዕጣ በሎተሪ ሕግ ይዳኝ፤ ዋጋ ሁሉ በእውነተኛ ገንዘብ ይጻፍ፤ አንድ ቀን የቀረ ልጅ የሰበሰበው አይቃጠልበት።

ለእናንተ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ የተለየ ልመና አለኝ። ጨዋታዎችን እንደ መጻሕፍት እንመርምራቸው። ልጆቻችንን «ስንት ሰዓት ተጫወትህ?» ከማለታችን በፊት «የምትጫወተው ነገር የት ያልቃል?» ብለን እንጠይቃቸው። መልሱ የሚያጥርበት ልጅ አለ፤ ከእርሱ ጋር አብረን እንጫወት። መልሱ «አያልቅም» የሆነበትም አለ፤ የእርሱን እጅ እንያዝ። በሀገራችን የጨዋታ ፕሮግራም መጻፍ የጀመራችሁ ወጣቶችም ገበጣን ወደ ስልክ ስታመጡት ጠጠሩ የሚሟጠጥበትን ሕግ ይዛችሁ ኑ።

እኔ ጨዋታዬን በአንድ ሐሙስ ማታ ከስልኬ አጠፋሁት። ልሰርዘው ስል ስልኩ በእርግጥ መሰረዝ እንደምፈልግ ደግሞ ጠየቀኝ። የልጁ ስልክ 86 ዶላር ሲቆርጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቀም ነበር። የእኅቴ ልጅ ጨዋታ ግን አሁንም ስልኩ ላይ አለ፤ ካርዱ ብቻ ነው የወጣው። አሁን እሑድ እሑድ እኔና እርሱ ተያይዘን ያችን ጠባብ ጌም ቤት እንጎበኛለን። የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የምነሣው እኔ ነኝ።

ከሰባት ወር በኋላ ደብተሬ ላይ መጀመሪያ የጻፍኋቸው ስንኞች እነዚህ ናቸው፤ ለግጥምነታቸው ሳይሆን ለደረሰኝነታቸው እነሆ፦

ቀኑን ሙሉ ቆጥሬ፣ ሒሳቤን ዘጋሁት፤
ሌሊት ግን ስጫወት፣ መዝጊያውን አጣሁት፤
ከረሜላ በዝቶ፣ ብዕሬ ደረቀ፤
ያ ጨዋታ ሳያልቅ፣ ተጫዋች አለቀ።